ሐኪምን መምረጥና እውነትን መሻት

ሕመም ብዙውን ጊዜ ወደ ሰው ቤት በእንግድነት ይገባል፤ ጥቂት ሰንብቶም ይወጣል። ሥር የሰደደ ሕመም ግን እንግዳ ሳይሆን ቤተኛ ነው። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብና የኩላሊት ድካም ከአንድ ሰው ጋር ዐሥርና ሃያ ዓመት አብረው ይኖራሉ፤ ከማዕዱ ይካፈላሉ፣ እንቅልፉን ይቀንሳሉ፣ ከገቢውም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እንዲህ ያለ ሕመም ያገኘው ሰው ከሐኪሙ ጋር ያለው ግንኙነትም ወባ ይዞት ወይም እግሩ ተሰብሮ ወደ ጤና ጣቢያ ከሚሄድ ሰው ግንኙነት የተለየ ነው። አጥንቱ የተሰበረው ራሱን ለሐኪሙ እጅ ይሰጣል፤ ሲድንም አመስግኖ ይለያል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ግን ከሕክምናው አብዛኛውን ክፍል የሚፈጽመው ራሱ ነው። መርፌውን በየቀኑ የሚወጋ፣ ክኒኑን በሰዓቱ የሚውጥ፣ ከገበታው ላይ ምን ማንሣትና ምን መተው እንዳለበት የሚወስን እርሱ ነው። ሐኪሙ በወር ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ የሚያየውን ሕመም እርሱ ቀንና ሌሊት ይኖረዋል።

ከዚህ የተነሣ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ በዝግታ የሚነገር፣ አንዳንዴም ወደ ካህን የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። ሕመምተኛው አስቦበትና ጸልዮበት አንድ ዓይነት ሕክምናን ከመረጠ፣ ያን ምርጫውን የሚደግፍለትን ሐኪም መፈለግ ይገባዋልን? አንዳንዶች «ሐኪም ያለውን መፈጸም እንጂ ሐኪም ማማረጥ ትዕቢት ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «አካሉም ገንዘቡም የእኔ ነው፤ እኔ የምፈልገውን የማያደርግልኝን ሐኪም ትቼ የሚያደርግልኝን እፈልጋለሁ» ይላሉ። ሁለቱም ንግግሮች ከእውነት ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ ነገር ግን አንደኛው የሕመምተኛውን ኅሊና ይረሳል፣ ሁለተኛው ደግሞ እውነትን ይረሳል። እንግዲህ ሁለቱን በየተራ እንመርምር።

በመጀመሪያ የሕመምተኛውን ድርሻ እንመልከት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ታሞ የተኛ ሰው ታሪክ ይገኛል። ከዚህ የበለጠ ሥር የሰደደ ሕመም የለም። ጌታችን ወደ እርሱ በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ ያደረገው ነገር መፈወስ ሳይሆን መጠየቅ ነበር፤ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። በኢያሪኮ መንገድ ዳር ይለምን የነበረውን ዕውሩን በርጤሜዎስንም ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠይቆታል። የልብን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ የሕመምተኛውን ፈቃድ ሳይጠይቅ ካልፈወሰ፣ ውስን ዕውቀት ያለው ሰው ሳይጠይቅ ሊያክም እንዴት ይችላል?

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1957 ለማደንዘዣ ሕክምና ባለሙያዎች ባደረጉት ንግግር፣ ሐኪሙ በሕመምተኛው ላይ ራሱን የቻለ የተለየ መብት እንደሌለውና ሕመምተኛው በግልጽ ወይም በተዘዋዋሪ ሲፈቅድለት ብቻ ሊያክመው እንደሚችል አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2278 ከባድ ሕክምናን ስለ መቀጠልና ስለ ማቆም ሲናገር፣ ችሎታው እስካለው ድረስ ውሳኔው የራሱ የሕመምተኛው መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ሕመምተኛው በሚደረግለት ሕክምና ላይ አሳብ መስጠቱ፣ መጠየቁና መምረጡ ትዕቢት አይደለም። እግዚአብሔር ሕይወቱን በአደራ የሰጠው ለእርሱ ነውና የአደራውን ሒሳብ የሚያቀርበውም እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ «አደራ» የሚለው ቃል ሁለት ስለት አለው። አደራ የተቀበለ ሰው ይወስናል፤ ነገር ግን ባለቤት አይደለም። ሕይወታችንን እንደ ባለቤት ልንጥላት ወይም ልናጠፋት መብት የለንም፤ እንደ መጋቢ ልንጠብቃት ግን ግዴታ አለብን። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትም ከምድር የወጣ የእግዚአብሔር ፍጥረት ስለሆነ ብልህ ሰው እንዳይንቀው ያስተምራል። በዚያው ምዕራፍ ሐኪሙ ራሱ ሕመሙን ለይቶ ያውቅ ዘንድ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጸልይ ተጽፎአል። ጸሎት በሚያስፈልገው ሐኪምና ጸሎት በሚያስፈልገው ሕመምተኛ መካከል ጌታና ሎሌ የለም፤ ሁለቱም ከእነርሱ የሚበልጠውን እውነት የሚፈልጉ ናቸው።

በአገራችን ግን ይህ ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በክርክር ሳይሆን በዝምታ ነው። ሐኪሙን ማክበር ልማዳችን ስለሆነ ሕመምተኛው በፊቱ «እሺ» ይላል፤ ከበሩ ሲወጣ ግን የልቡን ያደርጋል። ክኒኑን በግማሽ ይውጣል ወይም ሻል ሲለው ይተወዋል፤ ከጎረቤት የተነገረውን ሥር ቀቅሎ ይጠጣል፤ በሌላ ክሊኒክ የታዘዘለትን መድኃኒት ከመጀመሪያው ጋር ደርቦ ይወስዳል፤ በቀጠሮው ቀን ተመልሶም ስለዚህ ሁሉ አንዳች አይናገርም። ሐኪሙም መድኃኒቱ ያልሠራ መስሎት መጠኑን ይጨምራል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለዚህ ጭምር ነው። በሽታውን ብቻ ሳይሆን አሳቡን፣ ፍርሃቱንና የኪሱን አቅም የደበቀም መድኃኒት የለውም። እንዲህ ያለው ዝምታ ትሕትና ይመስላል፤ ዳሩ ግን መታዘዝም ነጻነትም አይደለም። አልስማማም ብሎ ምክንያቱን በአክብሮት የሚናገር ሕመምተኛ፣ እሺ ብሎ ከሚያታልለው ይልቅ ሐኪሙን ያከብራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንምጣ። በቀዳማዊ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 22 የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ በገለዓድ ያለችውን ሬማትን ለማስመለስ ሊዘምት ባሰበ ጊዜ አራት መቶ ያህል ነቢያት ሰብስቦ ጠየቀ። ሁሉም ዝመት አሉት። የይሁዳው ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ግን ልቡ ስላልረጋ ሌላ የእግዚአብሔር ነቢይ እንዳለ ጠየቀ። የይምላ ልጅ ሚክያስ ነበረ፤ ነገር ግን አክዓብ መልካም ትንቢት ስለማይናገርለት ይጠላው ነበር። ሚክያስ ተጠርቶ እውነቱን ተናገረ፤ ስለ እውነቱም ወደ ወኅኒ ተላከ። አክዓብም ልብሱን ለውጦ ዘመተ፤ ቀስት አገኘችውና ሞተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ነገሥታት ሌላ አሳብ ጠይቀዋል። አክዓብ አራት መቶ የጠየቀው የሚጠራጠር ስለሆነ አልነበረም፤ አስቀድሞ ስለ ቈረጠ ነው። የሚፈልገው ምክር ሳይሆን ድጋፍ ነበር። ኢዮሣፍጥ አንድ ተጨማሪ ነቢይ የጠየቀው ግን የአራት መቶው አንድ ድምፅ መሆን ስላላሳረፈው ነው። ከአንድ ሐኪም ወደ ሌላው የሚሄድ ሕመምተኛ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የአንዱን መንገድ ይሄዳል። ከውጭ ለሚያየው መንገዱ አንድ ነው፤ ካርዱን ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ መዞር ነው። ልዩነቱ በልብ ውስጥ ነው። ደግሞም ኢዮሣፍጥ እውነቱን ከሰማ በኋላ ከአክዓብ ጋር መዝመቱንና ከሞት ለጥቂት ማምለጡን ልብ እንበል፤ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም።

እንግዲህ ልባችን ወደ የትኛው እንዳዘነበለ እንድንለይ ሦስት ጥያቄዎች ይረዱናል። የመጀመሪያው፣ የመረጥሁት በእውነት ሕክምና ነውን? የሚለው ነው። በሁለት እውነተኛ ሕክምናዎች መካከል መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ ሕክምናን ትቶ ምኞትን መምረጥ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ የፊተኛው ሐኪም የነገረኝን ሁሉ ለአዲሱ ሐኪም እነግረዋለሁን? የሚለው ነው። የምርመራ ውጤቱን ደብቆ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው የተደገፈው በእውነት ሳይሆን በከፊል ወሬ ነው። ሦስተኛው፣ ይህም ሐኪም ምክንያቱን አስረድቶ አይሆንም ቢለኝ አሳቤን ለመመርመር ዝግጁ ነኝን? የሚለው ነው። ምንም ቢሰማ የማይለወጥ ሰው ሐኪም እየፈለገ አይደለም፤ ምስክር እየፈለገ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ተገኘ፤ በ1922 መጀመሪያም ለሕመምተኛ ተሰጠ። ከዚያ በፊት የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር፤ ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው ያለ እርሱ ሊኖር አይችልምና። እንዲህ ላለ ልጅ ወላጆች «መርፌውን አቁሙና በሥራ ሥር ይታከም» የሚል ሰው ቢገኝ ደጋፊ ሐኪም አገኘን ሊሉ አይገባም፤ ያገኙት ከአክዓብ አራት መቶ ነቢያት አንዱን ነው። በሌላ በኩል በጕልማሳነቱ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የተያዘ ሰው ዐቢይ ጾምን መጾም ቢፈልግ ነገሩ ይለያል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ ስለዚህ ባይጾም ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ፍላጎቱን ሰምቶ «የማይረባ ነው» ከሚለው ይልቅ፣ የትኛው መድኃኒት በባዶ ሆድ ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን እንደሚያወርድ፣ ምን ያህል ሰዓት መቆየት እንደሚችልና ከሥጋና ከወተት በመታቀብ ብቻ ጾሙን መጠበቅ እንደሚችል ተቀምጦ የሚያስረዳውን ሐኪም ቢፈልግ መልካም አደረገ። ያ ሐኪም በመጨረሻ «ለአንተ አይሆንም» ቢለውም እንኳ ደግፎታል፤ ምኞቱን ሳይሆን እርሱን ደግፎታልና።

ስለ ጸበልና ስለ ጸሎትም እንዲሁ ነው። በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሕሙማን ወደ ጸበል ሲሄዱ መድኃኒቱን መቀጠል እምነት ማጣት መስሎአቸው አቋርጠውት ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ማስተማራቸው የብዙዎችን ኅሊና አሳርፎአል። የእግዚአብሔር ጸጋ ከመድኃኒት ጋር የሚፎካከር ሌላ መድኃኒት አይደለም። የሶርያው ሹም ንዕማንም ነቢዩ ኤልሳዕ ያዘዘለት ሕክምና እርሱ ካሰበው የተለየና የተናቀ ስለ መሰለው ተቈጥቶ ሊመለስ ነበር፤ ያዳነው የአገልጋዮቹን ምክር መስማቱ ነው። ፈውስ እኛ በመረጥነው መንገድ ብቻ እንዲመጣ መፈለግ ለፈዋሹ አምላክ መንገድ እንደ ማበጀት ነው።

እስከ አሁን የተነገረው ምርጫው ከእውነት ጋር ስለሚጋጭበት ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሁለቱም ምርጫዎች እውነተኛ ሆነው ሳሉ ሕመምተኛው፣ ቤተሰቡና ሐኪሙ ሳይስማሙ የሚቀሩበት ጊዜ ነው። ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ የደከመ ሰው በአብዛኛው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ደሙ በመሣሪያ መታጠብ አለበት። ኩላሊት የሚሰጥ ቤተ ዘመድ ከተገኘና ሰውነቱ ከቻለ ንቅለ ተከላ ይደረግለታል፤ ይህም በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሮአል። ከተከላው በኋላም ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይጥለው የሚከላከል መድኃኒት ያስፈልጋል። የእጥበቱ ወጪ ብዙ ቤተሰብን አድቅቆአል፤ ቤት ሲሸጥ፣ ልጅ ከትምህርት ሲቀር፣ የሕመምተኛው ፎቶግራፍ በየመንገዱ ተይዞ ሲለመንለት እናያለን።

እንግዲህ በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ልብና ሳንባቸውም ደክሞ ሳለ «ልጆቼ፣ ይብቃኝ፤ ቤቱን አትሽጡ፤ ሥቃዬን እያስታገሳችሁ በቤቴ አቈዩኝ» ቢሉ ምን እንላለን? ልጆቻቸው «ይህ ራስን መግደል ነው» ብለው የሚገሥጽላቸውን ሐኪም ሊፈልጉ ይችላሉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን እንዲህ አይልም። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ፍራንቸስኮ ዴ ቪቶሪያ ያሉ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ ተገቢና ተራ የሆኑትን መንገዶች መጠቀም ግዴታው እንደሆነ፣ ከአቅምና ከመጠን በላይ የሚከብዱትን ግን እንደማይገደድባቸው አስተምረዋል። ፒዮስ 12ኛ ከላይ በጠቀስነው ንግግራቸው ይህ መጠን እንደ ሰው፣ እንደ ቦታና እንደ ዘመን ሁኔታ እንደሚለያይ ገልጸዋል። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1980 ባወጣችው መግለጫም፣ ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር የማይመጣጠን ሕክምናን መተው ራስን ከመግደል ጋር እንደማይቈጠርና ቤተሰብን ከልክ ባለፈ ወጪ ላለመጫን መፈለግም ተገቢ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አመልክታለች።

ስለዚህ እኒህ አባት ምርጫቸውን የሚረዳላቸውን ሐኪም ቢፈልጉ መብታቸው ነው። የሠላሳ ዓመት ጕልማሳ፣ እጥበቱ ኑሮውን የሚጠብቅለት፣ ወንድሙም ኩላሊት ሊሰጠው የተዘጋጀለት ሰው በተስፋ መቍረጥ ብቻ «ይብቃኝ» ቢል ግን ያው ቃል ሌላ ትርጕም ይኖረዋል። እርሱ የሚያስፈልገው እሺ የሚለው ሐኪም ሳይሆን ተስፋ መቍረጡን ጭምር የሚያክም ሐኪም፣ የሚደርስለት ወዳጅና ብቻውን የማይተወው ቍምስና ነው። የቃሉ አንድ መሆን የጉዳዩን አንድ መሆን አያሳይም፤ ሸክሙና ተስፋው ተመዝነው ነው የሚታወቀው። ልጆችም ሆኑ ሐኪሞች እዚህ ላይ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ «የአባታችን ፈቃድ» የምንለው አንዳንዴ የእኛ ድካም፣ «ፍቅራችን» የምንለውም አንዳንዴ የእኛ የመለየት ፍርሃት ሊሆን ይችላልና።

ሐኪሙም ኅሊና አለው። እርሱ ገዢ ያዘዘውን ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ አይደለም። ይጎዳል ብሎ የሚያምንበትን እንዲያደርግ ሊገደድ አይገባውም፤ ሞትን ራሱን እንደ ሕክምና እንዲሰጥ ቢጠየቅም በማንም ምርጫ ስም ሊፈጽመው አይችልም። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1995 «ወንጌለ ሕይወት» በተሰኘው መልእክታቸው በቁጥር 65 ሕይወትን በማጥፋትና ከመጠን ያለፈ ሕክምናን በመተው መካከል ያለውን ድንበር በግልጽ አስምረዋል። ነገር ግን «አላደርገውም» ማለት «ሂድልኝ» ማለት አይደለም። ያልተስማማ ሐኪም ምክንያቱን ሊያስረዳ፣ የምርመራውን ውጤት ሊሰጥ፣ ሌላ ባለሙያ ሊያመለክት፣ እስከዚያም ድረስ ሕመምተኛውን ሳይጥል ሊያቈይ ይገባዋል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በራሳቸው ሕመም አሳይተውናል። ለብዙ ዓመታት የፓርኪንሰን ሕመም ተሸክመው ያገለገሉት እኒህ አባት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005 ሁለት ጊዜ በሮም ጀሜሊ ሆስፒታል ገብተው ታክመዋል፤ መተንፈስ ስላቃታቸውም በጕሮሮአቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። በማርች መጨረሻ ሕመሙ በጠናባቸው ጊዜ ግን ወደ ሆስፒታል አልተመለሱም፤ በመኖሪያቸው ሆነው ሐኪሞቻቸው ሳይለዩአቸው ኤፕሪል 2 ቀን ዐረፉ። በአንድ ወቅት የሆስፒታሉን ብርቱ ሕክምና ተቀበሉ፤ በሌላው ወቅት በቤታቸው መቅረትን መረጡ። በሁለቱም ጊዜ ሕይወትን አከበሩ፣ በሁለቱም ጊዜ ሐኪሞቻቸው አብረዋቸው ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ «ይህ ሁሉ ለሮምና ለአዲስ አበባ ነው፤ በእኛ ወረዳ ያለው አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከማን ማንን እንመርጣለን?» ትል ይሆናል። ተገቢ አነጋገር ነው። አብዛኛው ወገናችን ሐኪም የሚያማርጥበት አቅም የለውም፤ ሐኪሙም በደጁ የተሰለፈውን ሕዝብ እያየ ለአንዱ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሊሰጥ አይችልም። ይሁን እንጂ የሚደግፍ ሐኪም ሁልጊዜ የሚገኘው በመፈለግ ብቻ አይደለም፤ ያለውን ሐኪም እንዲደግፍ በመርዳትም ይገኛል። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ መሄድ፣ የሚያስታውስ ቤተ ዘመድ ማስከተል፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ሥሩንም ጭምር፣ ሳይደብቁ ማሳየት፣ «ይህን የመግዛት አቅም የለኝም፤ ሌላ መንገድ አለን?» ብሎ ሳያፍሩ መናገር፣ «ሕክምናውን ባቆም ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። ሌላ ሐኪም ማየት ሲያስፈልግም በስውር ሳይሆን አስታውቆና ማስረጃውን ይዞ መሄድ ይገባል። ትጉህ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ቍምስናዎቻችንም በዚህ ድርሻ አላቸው። በጉራጌ ምድር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በሉርድ እመቤታችን ስም መጠራቱ፣ የዓለም የሕሙማን ቀንም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያችው በእመቤታችን በዓል በፌብሩዋሪ 11 ቀን መከበሩ፣ ሕሙማንን ማገልገል ለቤተ ክርስቲያን ትርፍ ሥራ አለመሆኑን ያሳስበናል። በየቍምስናው ማንበብ የማይችለውን ሕመምተኛ ወደ ቀጠሮው የሚያደርስና የሐኪሙን ቃል የሚያስረዳለት አንድ ምእመን ቢኖር፣ ምስጢረ ቀንዲልም ለመጨረሻው ሰዓት ብቻ ሳይቆይ በከባድ ሕመም ላለ ሁሉ እንዲደርስ ቢደረግ፣ ብዙ ሕሙማን ከአክዓብ መንገድ ይድናሉ። ሰው እውነትን የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ከእርስዋ ጋር ብቻውን መቅረትን ስለሚፈራ ነው።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ ይህ ነው፦ የመረጥነውን ሕክምና የሚደግፍ ሐኪም መፈለግ ይገባል፤ የሚደግፈው ግን ምርጫችንን ከእውነት ጋር አስማምቶ ሊሆን ይገባዋል። መልካም ሐኪም ማለት ሁልጊዜ እሺ የሚለን አይደለም፤ ሁልጊዜ አይሆንም የሚለንም አይደለም። ምን እንደምንፈልግ የሚጠይቀን፣ የሚያውቀውን እውነት የማይሸሽገን፣ ከወሰንንም በኋላ ከአልጋችን አጠገብ የማይርቅ ነው። እንዲህ ያለ ሐኪም ያገኘ እግዚአብሔርን ያመስግን፤ ያላገኘም እየፈለገ ይጸልይ፤ ሐኪም የሆነም እንዲህ ያለ ሐኪም ለመሆን ይትጋ።